ከአሥር ሺህ በር አንዲት ማሳ

በትምህርት ቤታችን ስለ ሥልጣኔና ስለ ባህል ክርክር በተነሣ ቁጥር የጃፓን ስም ሳይጠራ አይቀርም። አንዱ ተከራካሪ ተነሥቶ «ጃፓን የአባቶቿን ልማድ አንድ ሳታጎድል ይዛ ሠለጠነች፤ እኛም እንደ እርሷ እንሁን» ይላል። ሌላው ደግሞ ብድግ ብሎ «ጃፓን የሠለጠነችው በፋብሪካና በሳይንስ ነው እንጂ በቀበሮ ምስል ፊት በማጨብጨብ አይደለም» ሲል ይመልስለታል። ለሁለቱም ይጨበጨብላቸዋል። እኔ ግን ሁለቱም የሚናገሩትን ነገር ቀርበው የመረመሩት አይመስለኝም። ስለዚህ በዘንድሮው መጽሔታችን ላይ በኪዮቶ ከተማ ስለሚገኘው ስለ ፉሺሚ ኢናሪ መቅደስ ያነበብኩትን ጥቂት ጽፌ፣ ከዚያ በኋላ የራሴን አስተያየት ለማቅረብ አሰብኩ።

አሳቤን ከወዲሁ በአጭሩ ልናገር። ፉሺሚ ኢናሪ የሩዝና የብልጽግና አምላክ የሚከበርበት የሺንቶ መቅደስ ነው። ዓለም የሚያውቀው በተራራው ላይ ተደርድረው በቆሙት ወደ አሥር ሺህ በሚጠጉ ቀያይ በሮቹ ነው። በእኔ አስተያየት ግን ልንደነቅበትና ልንማርበት የሚገባን በሮቹ ሳይሆኑ፣ በዚያው ግቢ ውስጥ በየዓመቱ ሩዝ የሚተከልባት አንዲት ትንሽ ማሳ ናት። በሮቹ ሰው ያገኘውን ያሳያሉ፤ ማሳዋ ግን ያገኘው ሁሉ ከየት እንደ መጣ ታሳየዋለች።

«የሌላ ሕዝብ የእምነት ቦታ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ማወቅ ግን ማምለክ አይደለም። የጎረቤቱን ቤት ውሎና አዳር የጠየቀ ሰው የራሱን ቤት ትቶ አይሄድም። ከዚህም ሌላ፣ በአገራችን ስለ ጃፓን መነጋገር ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። በ1931 የወጣው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በ1889 ከወጣው ከጃፓን ሕገ መንግሥት ብዙ ወስዷል። በዚያው በ1931 ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ወደ ጃፓን ተጉዘው፣ ከተመለሱ በኋላ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፋቸውን አሳትመዋል። አባቶቻችን ሄደው አይተው የጻፉትን ያህል፣ እኛም የምንከራከርበትን ነገር አንብበን መከራከር ይገባናል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

እንግዲህ ወደ ነገሩ ልግባ። መቅደሱ የሚገኘው በኪዮቶ ከተማ ደቡባዊ ክፍል፣ ከፍታው 233 ሜትር በሆነው በኢናሪ ተራራ ግርጌ ነው። ተመሠረተ የሚባለው በ711 ዓ.ም. ነው። የመሠረተውም ሃታ ኖ ኢሮጉ የሚባል ባለጸጋ እንደ ሆነ ይተረካል። የሃታ ወገኖች ከባሕር ማዶ፣ ከኮሪያ በኩል የመጡ፣ በእርሻና በሐር ሥራ የታወቁ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ ዛሬ ከጃፓን ምልክቶች አንዱ ሆኖ የሚታየውን መቅደስ የጀመሩት ከሌላ አገር የፈለሱ ሰዎች ልጆች መሆናቸውን በመጀመሪያ ልብ ማለት ይገባል።

የመቅደሱ አፈ ታሪክ እንዲህ ይላል። ኢሮጉ ጎተራው በእህል የሞላ ሰው ስለ ነበር፣ አንድ ቀን ከሩዝ ተወቅጦ የተሠራ ሙልሙል ዒላማ አድርጎ አቆመና በቀስት ይወጋው ጀመር። ሙልሙሉም ወዲያው ነጭ ወፍ ሆኖ በረረና በተራራው ጫፍ ላይ ዐረፈ። ባረፈበትም ስፍራ ሩዝ በቀለ። የመቅደሱም ስም «ሩዝ በቀለ» ከሚል ቃል እንደ መጣ በዚሁ ታሪክ ይነገራል። ከዚያ በኋላ የኢሮጉ ዘሮች የአባታቸው ጥፋት ጸጸታቸውና ከመቅደሱ ግቢ ዛፍ ነቅለው በቤታቸው ተክለው አከበሩ። የተከሉት ዛፍ ከጸደቀ በረከት ያገኛሉ፤ ከደረቀ ግን በረከት የለም ይባል ነበር።

ይህን ታሪክ ሳነብ ያስደነቀኝ ወፉ አይደለም። ብዙ ሕዝቦች ስለ መቅደሳቸው አመሠራረት ሲተርኩ የጀግና ድል ወይም የንጉሥ ሕልም ያነሣሉ። የኢናሪ ታሪክ ግን የሚጀምረው በነውር ነው። የጠገበ ሰው በሌላው ዘንድ የሚበላውን ነገር መጫወቻ አደረገው፤ እህሉም ትቶት ሄደ። እህል መርገጥ ነውር መሆኑን ከእናቶቻችን የተማርን ልጆች ይህን ታሪክ ለመረዳት አስተርጓሚ የሚያስፈልገን አይመስለኝም።

አሁን የሩዝ አምላክ እንዴት የንግድና የብልጽግና አምላክ ሊሆን እንደ ቻለ እንመልከት። ብዙ ሰዎች ይህን ሲሰሙ «ካህናቱ ገንዘብ ፈልገው ለወጡት» ብለው ያስባሉ። ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። በጃፓን ሩዝ ለብዙ መቶ ዓመታት ምግብ ብቻ ሳይሆን ገንዘብም ነበር። የአንድ መስፍን ግዛት ሀብቱ የሚገመተው በሩዝ ምርቱ ነበር። መስፈሪያውም «ኮኩ» ይባላል፤ አንድ ኮኩ ወደ 180 ሊትር ያህል ሲሆን፣ አንድ ሰው በዓመት የሚበቃው ሩዝ ነው ተብሎ ይቆጠር ነበር። ገበሬው ግብሩን በሩዝ ይከፍላል፤ ሳሙራዩም ደመወዙን በሩዝ ይቀበላል። የመሬት ግብር በገንዘብ እንዲከፈል የታወጀው በ1873 ነው። እንግዲህ ሩዝ ራሱ ገንዘብ በሆነበት አገር ገበሬው «አዝመራዬን አብዛልኝ» ሲል፣ የከተማው ነጋዴ ደግሞ «ንግዴን አብዛልኝ» ብሎ እዚያው ስፍራ ቢቆም ምን ያስገርማል? ከ1603 እስከ 1868 በነበረው በኤዶ ዘመን ከተሞችና ገበያዎች እየሰፉ በሄዱ መጠን፣ ኢናሪም ከማሳ ወደ ሱቅ አብሮ ገባ። ዛሬ በመላው ጃፓን ወደ 30,000 የሚደርሱ የኢናሪ መቅደሶች አሉ ይባላል። ከእነዚህም አንዳንዶቹ በትልልቅ የንግድ ሕንፃዎች ጣራ ላይ የተሠሩ ናቸው። የሁሉም ራስ ፉሺሚ ነው።

ስለ ቀበሮውም አንድ ቃል ልናገር። በመቅደሱ ግቢ ብዙ የቀበሮ ምስሎች ቆመዋል። ነገር ግን ቀበሮው የአምላኩ መልእክተኛ ነው እንጂ አምላኩ ራሱ አይደለም። ምስሎቹን ተጠግቶ ያየ ሰው አንዱ በአፉ የሩዝ ነዶ፣ ሌላው የጎተራ ቁልፍ፣ ሌላው ዕንቁ፣ ሌላው የተጠቀለለ ጽሑፍ ይዞ ያገኘዋል። የጎተራ ቁልፍ የያዘ መልእክተኛ ምን መልእክት እንዳለው ለገበሬ ልጅ ግልጽ ነው። ስለዚህ በክርክራችን መካከል «የቀበሮ አምላኪዎች» እያልን መሳቅ ባለማወቃችን ላይ መሳቅ ነው።

በሮቹ «ቶሪ» ይባላሉ። ሁለት ቋሚና ከላይ አግዳሚ ያላቸው፣ መዝጊያ የሌላቸው በሮች ናቸው። ቀለማቸው ወደ ብርቱካን የሚያደላ ቀይ ነው፤ ቀድሞ ይህ ቀለም እንጨቱ ቶሎ እንዳይበሰብስም ይረዳ ነበር። እያንዳንዱን በር ያቆመው መንግሥት ሳይሆን፣ ልመናው እንዲደርስለት የፈለገ ወይም ልመናው ደርሶለት ሊያመሰግን የመጣ ሰው ወይም ኩባንያ ነው። ልማዱ የተስፋፋው በኤዶ ዘመን ነው። ዛሬ ትንሹን በር ለማቆም በመቶ ሺህ የሚቆጠር የን፣ ለትልቁም ከአንድ ሚሊዮን የን በላይ ይከፈላል። የሰጪው ስምና ያቆመበት ቀን በቋሚዎቹ ጀርባ ላይ ይጻፋል። ስለዚህ ወደ ላይ የሚወጣ ሰው ቀለሙን ብቻ ያያል፤ ሲመለስና ሲወርድ ግን ስሞቹን እያነበበ ይወርዳል። እንጨት ነውና ከዓመታት በኋላ እግሩ በርጥበት ይበሰብሳል፤ ያን ጊዜም ተነሥቶ በሌላ ይተካል። በሮቹ ጥንታውያን የሚመስሉት አንዱ ሲወድቅ ሌላው ስለሚቆም ነው።

ከዚህ በላይ የተናገርኩት ሁሉ ለመጀመሪያው ተከራካሪ መልስ ይሆነዋል። «ጃፓን አንድ ሳታጎድል ይዛ» ማለት ልክ አይደለም። የፉሺሚ መቅደስ በ1468 በእርስ በርስ ጦርነት ተቃጥሏል፤ አሁን ያለው ዋናው ሕንፃ በ1499 እንደ ገና የተሠራ ነው። ከፊት ለፊቱ የሚታየው ታላቅ በር በ1589 የተሠራ ሲሆን፣ ያሠራውም ኃያሉ መስፍን ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ እናቱ ታምማ ሳለች ስለ ድኅነቷ በገባው ስለት ነው ይባላል። መቅደሱ ከዘጠነኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ለብዙ ዘመን ከቡድሃ እምነት ጋር ተዛምዶ ኖሮ፣ በግቢውም የቡድሃ ቤተ ጸሎት ነበረበት። በ1868 አዲሱ መንግሥት ሺንቶና ቡድሃ እንዲለያዩ ባዘዘ ጊዜ ግን ያ ቤተ ጸሎት ፈረሰ። ከዚያም መንግሥት የሺንቶን መቅደሶች በራሱ ሥር አደረጋቸው። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ፣ በ1946፣ ፉሺሚ ኢናሪ ራሱን የቻለ የሃይማኖት ድርጅት ሆነ፤ አብዛኞቹ መቅደሶች በገቡበት ማኅበርም ውስጥ አልገባም። እንግዲህ ከዚህ ሁሉ መቃጠል፣ መፍረስና መለዋወጥ በኋላ «ሳይነካ የኖረ ልማድ» የሚባለው የት አለ? የቆየው ሕንፃው አይደለም፤ ሥርዓቱም ሁሉ አይደለም። የቆየው ሰው በገዛ እጁ እየደጋገመ የሠራው ነው። ልማድ በዐዋጅ እንደማይጸና፣ በጉራም እንደማይጠበቅ ከዚህ እንረዳለን።

ለሁለተኛው ተከራካሪም መልስ አለኝ። «ይህ ሁሉ ዕድልን በገንዘብ መግዛት ነው፤ ሀብታሞች ስማቸውን በእንጨት ላይ እያስጻፉ የሚመጻደቁበት ነው» ይላል። በዚህ ንግግር ውስጥ እውነት የለም አልልም። ስሙ እንዲታይለት ብቻ በር የሚያቆም ሰው አይጠፋም። ነገር ግን ተራራውን የሚወጣው ባለ በሩ ብቻ አይደለም። ከሺህ ዓመት በፊት ሴይ ሾናጎን የምትባል የቤተ መንግሥት እመቤት በመጽሐፏ ስለዚህ ተራራ ጽፋለች። የዳገቱን ግማሽ ያህል እንደ ወጣች ደክሟት ስታለቅስ፣ ዕድሜዋ ወደ አርባ የሆነ፣ ተራ ልብስ የለበሰች አንዲት ሴት አጠገቧ ስትደርስ፣ ዛሬ ሰባት ጊዜ ልትወጣ ማሰቧንና ሦስቱን መፈጸሟን ለሰዎች ስትነግር ሰማቻት። እመቤቲቱም በዚያች ሴት ቀናች። በሌላ ስፍራ ቢሆን ኖሮ ዞር ብላ እንኳ ላታያት ትችል ነበር። ዛሬም የአዲስ ዓመት ሦስት ቀናት ሲከበሩ ከሁለት ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ወደዚያ ይሄዳል። ይህ ሁሉ ሰው በር ሊገዛ አይሄድም። በተራራው ላይ ደግሞ ተራ ሰዎች በየራሳቸው ያቆሟቸው፣ ቁጥራቸው በብዙ ሺህ የሆነ ትናንሽ የጸሎት ድንጋዮች አሉ።

ይህን ካልኩ በኋላ ወደ ዋናው አሳቤ እመለሳለሁ። በመቅደሱ ግቢ ያለችው ማሳ ትንሽ ናት። ተራራውን ሊወጡ ከሚመጡት ጎብኚዎች ብዙዎቹ በቀያዮቹ በሮች መካከል ፎቶግራፍ ተነሥተው ይመለሳሉ እንጂ እርሷን አያዩአትም። ሥራዋ ግን ዓመቱን ሙሉ ነው። ሚያዝያ 12 በሚደረግ ሥርዓት ዘሩ በመደብ ይዘራል። ጁን 10 ቀን የባህል ልብስ የለበሱ ሴቶች፣ ዜማና ውዝዋዜ እያጀባቸው፣ በጭቃው ውስጥ ቆመው ችግኙን በእጃቸው ይተክላሉ። ኦክቶበር 25 ቀን አዝመራው በማጭድ ይታጨዳል። ኖቬምበር 8 ገለባው በምስጋና እሳት ይቃጠላል፤ ኖቬምበር 23 ደግሞ አዲሱ ሩዝ ለመሥዋዕት ይቀርባል። (ሚያዝያ ያልኩትም አፕሪል ለማለት ነው።)

ይህ ሁሉ ስለምን ይደረጋል? የባንኩ ባለቤት፣ የመኪናው ነጋዴ፣ የምግብ ቤቱ ጌታ በር የሚያቆሙበት መቅደስ ከዚያች ማሳ በሚወጣ ጥቂት ሩዝ ሊከብር አይችልም። ሩዙን ከገበያ መግዛት ይቀለዋል። ቢሆንም እጅ በጭቃ ካልገባ መሥዋዕቱ አይቀርብም። እኔ ትልቅ ነገር ነው የምለው ይህን ነው። መቅደሱ ወደ ከተማ ወጣ፣ ወደ ሱቅ ገባ፣ በሕንፃ ጣራ ላይ ተቀመጠ፤ ይሁን እንጂ በዓመት አንድ ጊዜ ጎንበስ ብሎ ችግኝ ይተክላል። ሙያውን የለወጠ ሰው ሁሉ አያፍርም፤ የተነሣበትን የካደ ግን ሊያፍር ይገባዋል።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ሊነሣብኝ እንደሚችል ዐውቃለሁ። «አንዲት የሥርዓት ማሳ ለገበሬው ምን ትጠቅመዋለች?» የሚል ነው። ተቃውሞው እውነተኛ ስለ ሆነ ልሸሸው አልፈልግም። በጃፓን በ1962 አንድ ሰው በዓመት በአማካይ ወደ 118 ኪሎ ሩዝ ይበላ ነበር፤ አሁን ግን ከዚያ ግማሽ እንኳ አይሞላም። የዋናዎቹ ገበሬዎች አማካይ ዕድሜም ወደ 70 ዓመት ተጠግቷል። ልጆቻቸው ወደ ከተማ ሄደዋል። እያሳሳቀ ይወስዳል ውኃ እንደሚባለው፣ ነገሩ ቀስ እያለ ስለ መጣ ብዙ ሰው ልብ አላለውም። በ2025 ግን የሩዝ ዋጋ ከአንድ ዓመት በፊት ከነበረው ወደ እጥፍ ደረሰና መንግሥት ለክፉ ቀን ያከማቸውን ሩዝ አውጥቶ እስከ መሸጥ ደረሰ። በዚሁ ጊዜ የእርሻ ሚኒስትሩ ደጋፊዎቹ ብዙ ሩዝ ስለሚሰጡት ሩዝ ገዝቶ እንደማያውቅ በአደባባይ ተናገረ። ሕዝቡም ተቆጣና በሜይ ወር ሚኒስትሩ ከሥልጣኑ ለቀቀ። የኢሮጉን ታሪክ ለሚያስታውስ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ጎተራው የሞላ ሰው ስለ እህል ሲቀልድ፣ እህል ያጣው ሰው ይሰማዋል።

ስለዚህ ማሳዋ ብቻዋን ገበሬውን አታድነውም። በዓመት አንድ ቀን ችግኝ ሲተከል አጨብጭቦ በቀረው ቀን ገበሬውን የሚረሳ ሕዝብ፣ ማሳዋን ሥዕል ብቻ አድርጓታል። ይሁን እንጂ ይህ ማሳዋን የሚያስንቅ ምክንያት አይደለም። ይልቁንም የምትናገረውን መስማት እንደሚገባ ያስረዳል። ማሳዋ ባትኖር ኖሮ አሥር ሺሁ በሮች ምን ይመሰክሩ ነበር? «ብዙ ሰው ብዙ ገንዘብ አገኘ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አይኖራቸውም ነበር። የጃፓን ሕዝብ ዛሬ በሩዝ ዋጋ ሲጨነቅ፣ ነገሩን የሚያስታውሰው ምልክት ከፊቱ አለ። ምልክት ያለው ሰው ደግሞ መንገዱን ቢስት እንኳ መመለሻ አያጣም።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ይህን ሁሉ የጻፍኩት ጃፓንን ለማመስገን ወይም ለመንቀፍ አይደለም። እኛ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነን። ወደፊት ምን ለመሆን እንደምንፈልግ በክፍል ስንጠየቅ ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ አውሮፕላን ነጂ፣ ነጋዴ እንላለን። ገበሬ እሆናለሁ የሚል ሲገኝ ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። ሐኪምና መሐንዲስ መሆን መልካም ነው፤ እኔም ወደ እርሻ ካልተመለሳችሁ ብዬ አልሰብክም። ነገር ግን ያ ሳቅ ምን ማለት ነው? ሙልሙል ዒላማ አድርጎ ከመውጋት በምን ይለያል? ከመካከላችን አባቱ ወይም አያቱ ከእርሻ ያልተነሣ ስንት ይገኛል? ሳይማር ያስተማረን እየተባለ በየስብሰባው የሚጠራው ወገን ማን ነው?

ለክቡራን ወላጆችና መምህራንም አንድ ልመና አለኝ። በክርክራችን ጊዜ «ባህላችንን እንጠብቅ» እንድንል ታበረታቱናላችሁ፤ ደግ ነው። ነገር ግን ባህል መጠበቅ በበዓል ቀን የባህል ልብስ መልበስ ብቻ እንዳይመስለን፣ እህሉ እንዴት እንደሚዘራ፣ እንደሚታረም፣ እንደሚታጨድና እንደሚወቃ በዓይናችን እንድናይ በእጃችንም እንድንሞክረው አድርጉን። ከትምህርት ቤታችን ግቢ ጥግ አንዲት ትንሽ መደብ ብትሰጠን፣ ምርቷ ለአንድ ቀን ምሳ ባይበቃም እንኳ፣ ከብዙ ንግግር ይልቅ ታስተምረናለች።

በክርክር ጊዜ ግን ለሁለቱም ወገኖች የምመልሰው ይህን ነው። ልማድ ይዞ መሠልጠንም፣ ልማድ ጥሎ መሠልጠንም አለ ይባል ይሆናል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ጠግቦ እህሉን መርሳት ነው። በር ማቆም ገንዘብ ላለው ሁሉ ይቻላል፤ ጎንበስ ብሎ መትከል ግን የሚቻለው ከየት እንደ መጣ ላልረሳ ሰው ነው።